ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት፦ ለአድባራት አስተዳዳሪዎችና ለሰበካ ጉባኤያት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለየአድባራቱና ገዳማቱ አስተዳዳሪዎች
ለሰበካ ጉባኤያትና ለሕንፃ እድሳት ኮሚቴዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ላይ አዲስ ቀለም መቀባት እንዲቆም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። እኔ ሠዓሊ ነኝ። ለአብያተ ክርስቲያናት እሥላለሁ፣ ከዚሁ ሥራም እንጀራ እበላለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ ልፈርድባችሁ አይደለም። የእድሳት ኮሚቴ ስብሰባ እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ «ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ልጆቻችን የማን ሥዕል እንደሆነ እንኳ አይለዩትም» ይላል። ሌላው ውጭ አገር ያለ የአጥቢያው ልጅ ወጪውን ልሸፍን ማለቱን ያበሥራል። ሒሳብ ሹሙ ለዓመታዊው ንግሥ ስንት ሳምንት እንደቀረ ይቆጥራል። ከዚያ ሠዓሊ ይጠራና ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ስንት ትጠይቃለህ? ለንግሡ ትደርሳለህ? ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ሥዕል ከምን እንደተሠራ ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ሥዕሉ በእድሳቱ ይድናል ወይስ ይጠፋል የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው፤ ከዚያው ልጀምር።

በጎንደርና በጣና ዙሪያ ባሉት ብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት፣ ልማዱ በተዛመተባቸው ሌሎች አካባቢዎችም፣ ሥዕሉ የተሣለው በራሱ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በጨርቅ ላይ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል። በምርጉ ላይ የጥጥ ጨርቅ፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ አቡጀዲ፣ በማጣበቂያ ይለጠፋል። ጨርቁ ላይ ነጭ መደብ ይቀባና ሥዕሉ በዚያ ላይ ይወጣል። ጨርቁን ሌላ ቦታ ሥሎ ከጨረሰ በኋላ አምጥቶ የሚለጥፍ ሠዓሊም ነበር። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከጎን አስተኝታችሁ ብታበሩ ስፌቱ ይታያችኋል፤ ከሸማኔ እጅ የሚወጣ ጨርቅ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ጠርዝ ለጠርዝ እየተጋጠመ ተሰፍቷል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መስመር ስንጥቅ ነው ብላችሁ በስቱኮ እንዳትደፍኑት፤ መርፌ ያለፈበት ቦታ ነው።

ቀለሙን የያዘው ደግሞ ዘይት አይደለም። የተፈጨው ቀለም የሚለወሰው ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ወይም እንቁላልን በመሰለ ነገር ነው። ሙጫ ከደረቀ በኋላ አያብለጨልጭም። ውሃ ሲነካው ግን ይለሰልሳል፣ ይሟሟል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁልኝ ብትቀሩ ደብዳቤዬ ሥራውን ሠርቷል።

ቀለሙ ራሱ ከየት ይመጣል? ጥቁሩ ከጥቀርሻና ከከሰል። ነጩ ብዙውን ጊዜ ከጂፕሰም። ቡናማውና ደብዘዝ ያለው ቀይና ቢጫ ከአፈር። ደማቆቹ በነጋዴ እጅ ከሩቅ የሚመጡ ነበሩ፦ ሲናባር የሚባለው ሜርኩሪ ያለበት ቀይ፣ ኦርፒመንት የሚባለው አርሴኒክ ያለበት ወርቃማ ቢጫ፣ ከቅጠል የሚወጣው ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ። (ኦርፒመንት መርዝ ነውና አሮጌ ቢጫ ቀለም ፍቃችሁ አትጣሉ፤ አቧራው ለራሳችሁም አይበጅም።) ብዙ ጊዜ ሠዓሊውና ብራና ጸሐፊው አንድ ሰው ነበር። ጥቁርና ቀይ ቀለም የሞሉ ሁለት ቀንዶች አጠገቡ ተክሎ፣ የመቃ ብርዑን እየነከረ መጽሐፍ የሚጽፈው፣ ሐረግ የሚጥለውና መልአክ የሚሥለው ያው እጅ ነው።

ይህ ሁሉ የቀለም ወሬ ለደብሩ ምን ይጠቅመዋል ትሉ ይሆናል። ደብሩ ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚመሰክረው እሱ ነው። ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ነው፤ በሥዕሉ የመጀመሪያ ንብር ውስጥ ከተገኘ ሥዕሉ የአፄ ፋሲል ዘመን ሊሆን አይችልም። በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን የመጣው ከ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ታይታኒየም የሚባለው ነጭ ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬ ነው። ከሥዕሉ ጠርዝ የተወሰደች የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ቀለም በላቦራቶሪ ስትታይ ትናገራለች። የምትናገረው ሁልጊዜ እኛ የምንመኘውን አይሆንም፤ «የፋሲል ዘመን ነው» ሲባል የኖረ ሥዕል የምኒልክ ዘመን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቢሆንም የታወቀ የምኒልክ ዘመን ሥዕል ካልታወቀ የፋሲል ዘመን ሥዕል ይሻላል ባይ ነኝ። በላዩ ሌላ ቀለም ከተደረበበት ግን ምስክሩ አፉን ተያዘ።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። የደብሩን ስም አልጠራም፤ የሆነው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለምና። ለንግሥ ይጽዳ ተብሎ ግድግዳው በሳሙና ውሃ ታጥቦ ደረስኩ። ያጠቡት ደጋግ እናቶች ናቸው፣ ቅር የሚሰኝባቸው የለም። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ቀይ ሄዷል፤ ጨርቁም ቀልቷል። «አይ ቆሻሻው!» አሉኝ አንዷ። ቆሻሻ አልነበረም፤ የመልአኩ መጎናጸፊያ ነው ውሃው ውስጥ የገባው። ጥቀርሻውማ የጧፍና የዕጣን ቅባት ስላለበት አብዛኛው እዚያው ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ሌላ ቦታ ያየሁት ከዚህ ይብሳል። የመቅደሱ ግድግዳ በሙሉ የብረት በር በሚቀባበት ሲንተቲክ ቀለም «ታድሷል»። ሲቀባ ያዩት ሁሉ አደነቁት፤ ለንግሡም ደረሰ። ክረምት ሲመጣ ጭቃው እንደ ልማዱ እርጥበት ሳበ፣ ጨርቁ አበጠ፣ በጋ ሲሆን ተኮማተረ። ሲንተቲኩ ግን አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ እርጥበትም አያሳልፍም። ስለዚህ ጠርዙን እየቀለበሰ ይረግፍ ጀመር። ከወለሉ ላይ አንዱን ቅርፊት አንስቼ ገለበጥኩት። ከፊቱ አዲሱ ሰማያዊ ነው። ከጀርባው የድሮው ሠዓሊ የሣለው ግማሽ ቅንድብና የዓይን ብሌን ተጣብቆ ወጥቷል። አዲሱ ቀለም ሲወድቅ አሮጌውን ነቅሎ ነው የሚወድቀው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ባለሙያ፣ ከሮምም ይምጣ ከፓሪስ፣ የሚመልሰው ነገር የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የሚለቀም እንኳ አልተረፈም።

ምን እንደሚጠፋ በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን ግድግዳው ላይ ያለውን «የድሮ ሥዕል» ብለን በአንድ ስም እናልፈዋለንና። የድሮው አንድ አይደለም። በላሊበላ አካባቢ ገነተ ማርያም ያለው ሥዕል የአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ እመቤታችንን ከልጇ ጋር በእንጨት ላይ ሣለ፤ ቀጭን ጣቶች፣ ጎንበስ ያለ አንገት፣ እናትና ልጅ የሚተያዩበት ርኅራኄ ያለው ሥራ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን፣ እኛ መርቆሬዎስ ያልነው፣ በነገሥታቱ ቤት ለአርባ ዓመት ያህል ሣለ። ከዚያም በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በኢየሱሳውያን በኩል በኅትመት መጣች፤ የእኛ ሰዎች ግን እንዳለች አልገለበጧትም፤ ዓይኗን አሰፉት፣ ልብሷን በራሳቸው መስመር ሸነሸኑት፣ የራሳቸው አደረጓት።

የጎንደር ዘመን ሲመጣ ሁለት የአሣሣል ስልት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብሩህ ነው፦ ንጹሕ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ ጥቁር መስመር፣ ባዶ መደብ፣ የልብሱ እጥፋት ጎን ለጎን በተሰመረ መስመር ብቻ የሚነገር። ሁለተኛው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የደመቀው፣ ፊትን በጥላ ያከብበዋል፤ ጉንጭ ሥጋ ያወጣል፤ ልብሱ ከባሕር ማዶ በመጣ የአበባ ጨርቅ ይሞላል፤ መደቡም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። አንድ ደብር የመጀመሪያው ስልት ይኑረው ሁለተኛው የሚለየው በዚህች ጥላ ነው። ዘመናዊው «አዳሽ» ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠፋው ይህችኑ ጥላ ነው፤ «የቆሸሸ ፊት» ትመስለዋለችና።

ዓይንም አለ። በእኛ አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ሰይጣንና ከሓዲ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ከካላንደር የተቀዳ ሥዕል በላዩ የደረበ ሠዓሊ ይሁዳን ሁለት ዓይን ሲሰጠው፣ ሐዋርያውን ደግሞ በጎን ሲያዞረው አይቻለሁ። በቴክኒክ ካየነው እጁ ጎበዝ ነበር። ግድግዳው ግን ፊደል ለማያውቅ ምእመን ሲናገር የኖረውን ተናግሮ መጨረስ አልቻለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የታችኛው ክፍል ነው። እርጥበት ከመሬት ይወጣል፣ ትከሻና እጅ ይዳስሰዋል፣ ስለዚህ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ኮሚቴውም መጀመሪያ «ይቀባ» የሚለው እሱኑ ነው። ያሠራው ሰው ከነስሙ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል፤ ዛሬ ስለ ደብሩ ከምናውቀው ትልቁን የሚነግረን ያ ሥዕል ነው። ፍሬ ጽዮንንም በስሙ የምንጠራው በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ንጉሡ ማን እንደነበረ፣ አበምኔቱ ማን እንደነበረ፣ የሣለው ማን እንደሆነ ስለተጻፈ ብቻ ነው። ያቺ ጽሕፈት በአንድ ጣሳ ቀለም ተሸፍና ቢሆን ኖሮ «ያልታወቀ ሠዓሊ» ብለን በቀረን ነበር። በናንተም ግድግዳ ግርጌ እንዲህ ያለች ሁለት መስመር ግእዝ ልትኖር ትችላለች። የደበዘዘች ቢሆንም የሚያነብ ደብተራ አይጠፋም።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ፦ «ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አይደለችም።» ልክ ናችሁ። ሥዕሉ የሚጸለይበት ነው፤ ምእመኑ ሊያየው ይገባል። በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወይም በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያሉት ሥዕሎች በመስታወት ውስጥ ናቸው፤ ማንም አይሳለማቸውም፣ ጧፍም አይበራላቸውም። የእናንተ ሥራ ከዚያ ይከብዳል። አባቶቻችንም ያድሱ እንደነበር አልክድም፤ በጣና ገዳማት በአንድ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተለያየ ዘመን ሥዕል ጎን ለጎን የምናየው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የድሮው አዳሽ የሚደርበው ያንኑ ሙጫና ያንኑ አፈር ነበር፤ እኛ ያመጣነው ግድግዳው የማያውቀውን ፕላስቲክ ነው። የድሮው ሥዕሉ ሲያረጅበት አዲስ ጨርቅ ይለጥፍ ነበር፤ ዛሬ ሳያረጅም፣ ስለጠቆረ ብቻ፣ ይቀባል።

አዲስ አትሣሉ እያልኩም አይደለም፤ ብልማ ከእንጀራዬ ጋር መጣላቴ ነው። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ከመሥራቱ በፊት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥሏል። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤት ወጥተው ቺካጎ ተምረው የተመለሱ ናቸው። «አብስትራክት» እያልን እንደ ባዕድ የምናየውም ቢሆን ከዚሁ ግድግዳ ሥር የበቀለ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረሩ አለቃ ደስታ ልጅ ነው፤ በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 እ.ኤ.አ. «ጎልጎታ»ን ሲሥል ያ ቀይ ከየት እንደመጣ በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው አይጠፋውም። እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስ ሱሪያሊዝም ከሚባለው፣ ሕልምን ከመሰለው የአውሮፓ አሣሣል ጋር ኖሮ፣ ዓይኖቹንና መስመሮቹን ከክታብ ነው የወሰደው፤ በፍየል ቆዳ ላይም ሥሏል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ንጣይ ላይ ይሥላል። አሁን ደግሞ ወጣት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ከካላንደር ሥዕል ወደ ትውፊታዊው አሣሣል እየተመለሱ ነው። ሞዴላቸው የት አለ? የእናንተ ግድግዳ ላይ። በመጽሐፍ የታተመ ፎቶ የመደቡን ሽግግር አያሳይም፣ የብሩሹን ዱካ አያስተምርም።

በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይለኛል። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ልዑክ እዚያ ደረሰ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ስለነበሩ ከግድግዳው ተላቀቁ፤ ልዑኩ ይዞት የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በምትካቸው ቅጂ ሥሎ ሰጠ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። የእንግዶቹ ምክንያት ጣሪያው ያፈሳል፣ ሥዕሉ እየጠፋ ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ ሰበብ ይሁን እውነት የሚከራከሩበት አሉ፤ እኔ መቅደላን እያስታወስኩ የመጀመሪያውን ለማመን አዘነብላለሁ። አሮጌ ሰጥቶ አዲስ መቀበል ግን ያኔም ቀላል ሆኖ የታየው ሰው እንደነበረ አትርሱ። ዛሬ አሮጌውን የሚወስድብን የለም፤ በገዛ ገንዘባችን እንሸፍነዋለን።

ስለ ጣሪያ ከተነሣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሥዕላችሁን ያበላሸው ዕድሜ ሳይሆን ውሃ ነው። የሣር ክዳን ይተነፍስ ነበር፣ ጠርዙም ወደ ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን ይከልል ነበር። ቆርቆሮ ሲለበስ ሌሊት ከሥሩ ውሃ ያቋጥራል፣ ቀን ያግላል፤ ምስማሩ በላላበት ያፈሳል። በዙሪያው የተመረገው ሲሚንቶ ደግሞ ጭቃው እርጥበቱን በጎን እንዳያስወጣ አፍኖ ወደ ሥዕሉ ይገፋዋል። ያፈሳል የተባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ ሥዕሉ ታድሶ፣ ጣሪያው እንዳለ ሆኖ አግኝቻለሁ፤ ይህ ሕመምተኛን ሳያክሙ ማልበስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው፦ የተቀደደውን ቆርቆሮ ቀይሩ፣ ፍሳሹ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ አውጡ፣ የሌሊት ወፍ የሚገባበትን ቀዳዳ በወንፊት ዝጉ፣ ምስጥ የገባውን እንጨት አስመርምሩ። ይህ ከአዲስ ቅብ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ለምርቃት ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አለመሆኑ ነው ጉዳቱ።

ሥዕሉን በተመለከተ የምለምናችሁ ይኸው ነው። አትጠቡት፤ በደረቅ ጨርቅም አትፈትጉት። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ለጊዜው ያበራዋል፣ ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ያጠቁረዋል፣ ሙጫ ቀለም ውስጥ ከገባ ደግሞ አይወጣም። የድሮውን የመጋረጃ ልማድ አትተዉ፤ ከፀሐይና ከአቧራ ከመጋረጃ የተሻለ ጠባቂ የለውም፣ ዳሩ ግን እየወረደ ውጭ ይራገፍ። ከወጣቶቻችሁ ስልክ ያለውን ጠርታችሁ እያንዳንዱን ክፍል ከላይ እስከ ግርጌ ፎቶ ታንሡ፣ ያለ ፍላሽ፣ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ፤ በጎን ብርሃን ከግድግዳው የተላቀቀው ቦታ እብጠቱ ይታያል። ጽሕፈት ካለ የሚያነብ አባት ያንብበው፣ በደብሩ መዝገብ ይመዝገብ። የወደቀ ቅርፊት ካለ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከየት እንደወደቀ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ባለሙያ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል። አዲስ ሥዕል ምእመኑን የሚያስፈልገው ከሆነ በሸራ ላይ ይሣል፣ በእንጨት ፍሬም ይወጠር፣ አሮጌ ሥዕል በሌለበት ግድግዳ ይሰቀል። ሸራ ነገ ይነሣል፤ ቅብ ግን አይነሣም።

ሕጉንም ታውቁታላችሁ ብዬ አምናለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ይጠይቃል። ይህን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም። ለኮሚቴው ጋሻ እንዲሆን ነው፤ የገንዘብ ሰጪው ግፊት ሲበረታ «ፈቃድ ሳይመጣ ብሩሽ አይነሣም» ማለት ትችላላችሁ።

የቅርስ ባለሥልጣንና የየክልሉ የባህል ቢሮዎች ይህን ካነበቡ፣ ለእነሱም አንድ ቃል አለኝ። ደብሩ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሳያገኝ ንግሡ የሚያልፍ ከሆነ ሠዓሊው ይጠራል፤ ማንም አይጠብቅም። ገጠር ላለ ደብር የሚሆን አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ አሳትማችሁ በየወረዳ ቤተ ክህነቱ ብትበትኑ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ ይሠራል። ምን አይደረግ የሚለው ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ሁለት ሦስት የሥዕል ጥገና የሠለጠኑ ሰዎች መኪና አግኝተው በበጋ ወራት ቢዞሩ ደግሞ ብዙ መቅደስ ይተርፋል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም ዘይት ቀለምና አክሪሊክ ከሚያስተምረው ጎን ሙጫ መቀቀልን፣ አፈር መፍጨትንና መደብ መቀባትን ቢያስተምር፣ ቢያንስ የሚመረቀው ልጅ አሮጌ ሥዕል ፊት ሲቆም ምን እንደሚያይ ያውቃል።

በዋሽንግተን፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያደጋችሁበትን ደብር ልታሳድሱ ስትነሡ ፍቅራችሁ እንደሆነ ይገባኛል። በአካውንት ከላካችሁ በኋላ በቴሌግራም የሚመጣላችሁ ቪዲዮ የሚያብለጨልጭ ግድግዳ ከሆነ ግን ጥያቄ ጠይቁ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የሥዕሉን የዛሬ ፎቶ አስልኩ። ስማችሁ ግድግዳው ላይ ከሚጻፍ ይልቅ ብራችሁ ቆርቆሮው ላይ ቢውል ይሻላል። እንዲህ ያለ ልገሳ የሚቀበል ኮሚቴ ካለ የሚመካበት እንጂ የሚያፍርበት ነገር የለም።

የሙያ ባልደረቦቼን ደግሞ ለየብቻ ሳይሆን በአደባባይ ልናገራቸው። ኑሮ ከባድ ነው፣ ሥራ ሲገኝ እምቢ ማለት አይቀልም። «እኔ ባልቀባው ሌላው ይቀባዋል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ቢሆንም ውል ስትፈርሙ አንድ ሐረግ አስገቡ፦ አሮጌ ሥዕል ያለበትን ግድግዳ አልነካም። ሸራ ከተመረጠ ክፍያውም ይሻላል፤ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ በመሰላል ላይ አንገታችሁ አይዞርም፣ ሥራችሁም በስማችሁ ይቀራል።

የእኔ መልስ ከወዲሁ ይታወቅ። አሮጌ ሥዕል ያለበት ደብር ቢጠራኝ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ጣሪያውን አያለሁ፣ ከዚያ ግርጌውን በባትሪ እመረምራለሁ፣ ፎቶ አንሥቼ ለኮሚቴው እሰጣለሁ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም። አዲስ ሥዕል ከተፈለገ በሸራ እሠራለሁ፣ ዋጋውን እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለየክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች
ለየሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤቶች
በውጭ አገር ለሚገኙ የደብር ተወላጆች ማኅበራት